እታለም ቃላቷን የተወችበት ስፍራ

ሰኔ 4

ይህን ደብተር የሚያነብ ሰው ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ይረዳልኝ። «ሪትሪቭ» የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ «መለሰ» ማለት ብቻ አይደለም። አንድ ነገር በሆነ ስፍራ እንዳለ እየታወቀ ከእጅ ሲርቅ፣ ሰው ተነሥቶ ወዳለበት ሄዶ፣ ፈልጎ፣ ይዞት ሲመጣ ነው ይህ ግስ የሚነገረው። አዳኝ የመታት ወፍ ቁጥቋጦ ውስጥ ስትወድቅ ውሻው ገብቶ ያመጣታል፤ ይህ ሪትሪቭ ነው። ባልዲ ጉድጓድ ውስጥ ወድቆ በመንጠቆ ሲወጣም እንደዚሁ። ተቃጥሎ ዐመድ ለሆነ ነገር አይነገርም። በራሱ እግር ለሚመለስም አይነገርም።

ይህን የምጽፈው መዝገበ ቃላት ልሠራ ተነሥቼ አይደለም። ባለቤቴ እታለም በሚያዝያ መጨረሻ በስትሮክ ወደቀች። እግሯ ቀስ በቀስ እየጸና ነው፤ ቀኝ እጇ ይዝላል፤ ንግግሯ ግን ሄደ። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች። ትስቃለች፣ ትቆጣለች። አፏን ስትከፍት ቃሉ እምቢ ይላታል።

ዛሬ ሆስፒታል ቀጠሮ ነበረን። ወጣቱ ሐኪም፣ «ቃላቱ እኮ አልጠፉም ጋሼ፤ ሪትሪቭ ማድረጉ ነው ያቃታት» አለኝ።

በር ላይ ከደረስኩ በኋላ ተመልሼ ገባሁ። «ሪከቨር ለማለት ፈልገህ ነው?»

«አይ፣ ሪትሪቭ ነው የምንለው።»

«አስበህበት ነው የመረጥከው?»

ሳቀ። «ጋሼ፣ ፈተና ላይ ነኝ እንዴ?»

ሪከቨር ቢለኝ ቁጭ ብዬ እጠብቅ ነበር። ሰው ከሕመሙ ሪከቨር ሲያደርግ ሥራው የራሱና የጊዜ ነው። ሪትሪቭ ካለ ግን የሚሄድ ሰው ያስፈልጋል። ሠላሳ አራት ዓመት ቃል ሳስተምር ኖሬያለሁ። ከእኔ የተሻለ ለዚህ የሚላክ ሰው አላውቅም።

ሰኔ 6

ትምህርቱ ተጀመረ። ጠዋት ከቁርስ በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ዝናቡ ሳይጥል። ከጓዳ ዕቃ ተነሣሁ፦ ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ቢላ፣ ወንፊት። ዕቃውን አነሣለሁ፣ የመጀመሪያውን ድምፅ እሰጣታለሁ፣ እጠብቃለሁ።

አንድ ደንብ አውጥቻለሁ፦ በአማርኛ ብቻ። እታለም በሠፈራው ዘመን ከወሎ ስትመጣ ልጅ ነበረች። አሶሳ ገበያ ላይ ባሚያ፣ ኦቾሎኒና ሰሊጥ ስትሸጥ ነው ያደገችው፣ የጎለመሰችውም። በርታኛውን ከጎረቤቶቿ፣ የገበያውን ዐረብኛ ከነጋዴው ለቅማ ሦስቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ታስኬዳለች። እኔ ከሰላምታ አላልፍም። አሁን ሦስቱም በአንድ ጊዜ በር ላይ ከተጋፉ አንዱም አይገባም። ክፍል ውስጥም ይህንኑ አደርግ ነበር፤ በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ ያወራ ተማሪ ቆሞ ይማራል። ውጤቱ ይታወቃል።

ኩባያውን ሳነሣ ረጅም ጊዜ ታገለች፤ ከዚያ፣ «ኸላስ» አለች። በቃኝ ማለቷ ነው፤ የገበያ ቃል ነው። «በአማርኛ» አልኳት። አፏን ዘጋች።

ለመጀመሪያ ቀን መልካም ነው።

ሰኔ 11

ዝናብ። መብራት ጠፋ። ማንኪያ አለች! «ማን» ብቻ ነው የወጣው፤ ቢሆንም እቀበለዋለሁ።

ሰኔ 12

መብራት መጣ። መብራት ሪትሪቭ አይደረግም፤ ማንም አልሄደበትም።

ሰኔ 20

ልጃችን ሕሊና ከፓዌ ደወለች። ባሏ ምንይሉ እዚያ ግብርና ምርምር ውስጥ ይሠራል። ዝናቡ ሲያባራ መኪና ይዘው መጥተው እናቷን ሊወስዱ ተማክረው ጨርሰዋል። ለጉብኝት አይደለም፤ ጠቅልላ እንድትገባ ነው።

«አባዬ፣ አንተም አርጅተሃል። እሷን ማን ያነሣታል፣ ማን ያጥባታል?»

«እኔ።»

«ገንፎ እንኳ ማገንፋት አትችልም እኮ።»

«ተምሬያለሁ። በዚህ ሳምንት አልጓጎለም።»

ምንይሉ ስልኩን ተቀበላት። «ጋሼ፣ አይቀየሙን። እዚህ ሰው አለ፣ ልጆቹ አሉ። እርስዎም ቢመጡ ደስታችን ነው።» ያለኝ በመጨረሻ ነው፤ ቤት ሲለቀቅ የተረሳ ዕቃ እንደሚታሰብ።

«እታለም ራሷ የምትለውን ለምን አትጠይቋትም?» አልኩ።

ሕሊና ስልኩን መልሳ ተቀበለችው። «እሺ። በራሷ አፍ ‹አልሄድም› ካለችኝ አልወስዳትም። አንተ ብትለኝ ግን አልቀበልም።»

ጥሩ ነው። ልጄ እንደ እኔ ቁርጥ ያለ ነገር ትወዳለች። መስከረም ሩቅ ነው። ከነገ ጀምሮ «አልሄድም» የሚለው ከጓዳ ዕቃው ጎን ይገባል። አንድ ቃል ነው፤ ከ«ወንፊት» አይከብድም።

ሐምሌ 2

ዐርዋ መጣች። ዐርዋ የበርታ ሴት ናት፤ ገበያ ላይ ከእታለም ጎን የምትሸጥ፣ እኔ ከእሷ ጋር የኖርኩትን ያህል ዓመት ከእሷ ጋር የኖረች። ትምህርት ላይ ነበርን። ባሚያ በፌስታል ይዛ፣ ሳታንኳኳ፣ እየጮኸች ገባች።

«ኡስታዝ! እታለም የት አለ? ደህና ነው?»

ዐርዋ ሴቱንም ወንዱንም በአንድ ነው የምትጠራው። ላርማት አስቤ ተውኩት።

አጠገቧ ተቀምጣ በርታኛውን ለቀቀችው። ማንን እንደምታማ አላወቅሁም፤ እታለም ግን ትከሻዋ እስኪነቃነቅ ሳቀች። ከዚያ አንድ ነገር አለች። ምን እንደሆነ አልገባኝም። አማርኛ አልነበረም።

«ዐርዋ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ትምህርት ላይ ነን። በአማርኛ ብቻ ነው የምናወራው።»

«ማነው እሱ ያለው?»

«እኔ።»

«እታለም ተማሪ ነው እንዴ? ስንተኛ ክፍል ነው?»

«ለእሷ ስል ነው። ከሰዓት በኋላ ነይ፣ ስንጨርስ።»

«ጠይብ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው፣ ነጠላዋን እየሰበሰበች። «ሰርተፊኬት ስትሰጠው ጥራኝ። ጨፍረን እናስመርቃለን።»

ባሚያውን ትታው ሄደች። እታለም በሩን ስታይ ቆየች። «አልሄድም» ስላት አላየችኝም።

ሐምሌ 9

ዐርዋ ከሰዓት በኋላ አልመጣችም። ትናንትም። ሥራ ይዟት ይሆናል፤ ክረምት ለባሚያ ጊዜው ነው።

ሐምሌ 13

ያሉትን ልመዝግብ። ማንኪያ፣ ኩባያ፣ ውሃ፣ ቢላ፣ በር። ከሰው ስም፦ ሕሊና፣ ዐርዋ፣ ምንይሉ። የጎረቤቱን ውሻ ስም እንኳ ጠርታ አባረረችው። የእኔ ስም ገና ነው። ስም ከዕቃ እንደሚከብድ ሐኪሙ ነግሮኛል። በተራው ይደርሳል፤ አልቸኩልም።

«አልሄድም» ገና ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ ሰጥቻት ከንፈሬን እያየች «አል…» ትልና ታቆማለች። አቅቷት አይመስልም። ዓይኗን አውቀዋለሁ፤ ተማሪ መልሱን እያወቀ ሲያምፅ እንዲህ ያያል።

ሐምሌ 17

ወንፊቱን ወረወረችው። በግራ እጇ ስለሆነ ሩቅ አልሄደም።

ሐምሌ 22

ከሦስት ቀን ወዲህ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ትተኛለች። ዕቃዎቹን ስደረድር ዓይኗን ትከድናለች። «ውሃ» እንኳ ጠፋ። ትበላለች፣ እጄን ይዛ ትራመዳለች፤ የትምህርቱ ጠረጴዛ ጋ ስንደርስ እግሯን ትተክላለች። ትምህርቱን አሳጥሬዋለሁ። ዘዴው ልክ ነው፤ መጠኑን ነው ያበዛሁት። ምናልባት ድምፄንም ከፍ አድርጌው ይሆናል። ለሕሊና «ጥሩ ናት» አልኳት፤ ጤናዋን ማለቴ ነው።

ዛሬ የጉድጓዱ ባልዲ ገመዱ ተበጥሶ ገባ። ባለ ሦስት ጥፍሩን መንጠቆ ከጎረቤት ተውሼ አወረድኩ። ነካሁት፣ ሳብኩ፤ ወደቀ። ነካሁት፣ ሳብኩ፤ ወደቀ። እጄ ሲደክም ገመዱን ላላ አድርጌ ትንሽ ዐረፍኩ፤ መንጠቆው በራሱ ተንሸራቶ እጀታው ውስጥ ገባ። ቀስ ብዬ አወጣሁት። ቀና ስል እታለም በመስኮት ስታየኝ ነበር። እየሳቀች ነው። ጭቃ በጭቃ ነበርኩ።

ሐምሌ 30

ባሚያ ልገዛ ገበያ ሄድኩ። ብቻዬን ገበያ ገብቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። የእታለም መደብ ባዶ ነበር፤ ባዶ ጆንያ ተነጥፎበታል። ሌላ ሻጭ ቅርጫቷን ልታሳርፍበት ስትል ዐርዋ ጮኸችባት።

«ሰው አለው! አታየውም?»

«ማን አለው? ሦስት ወር ባዶ ነው።»

«እታለም ነው። ይመጣል።»

እኔን ስታይ ሰላምታዋ አጭር ነበር። «ኡስታዝ። ትምህርት ተዘጋ እንዴ?»

«ባሚያ ስጪኝ።»

በጣሳ ሰፍራ ሰጠችኝ። ምርቃት ጨመረች፤ ለእታለም ነው አለች፤ ለእኔ እንዳልሆነ እንዲገባኝ ሁለት ጊዜ አለችው። ወደ ቤት ነዪ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ዝናቡ መጣ፣ ተለያየን።

ነሐሴ 4

በሥርዓት ልጻፈው።

የእታለምን መድኃኒት ልቀበል ሆስፒታል ሄድኩ። ሰልፍ ነበር። ስመለስ በሩ ገርበብ ብሏል፤ ቤቱ ባዶ ነው። አልጋው ተነጥፏል። ነጠላዋ የለም፣ የፕላስቲክ ጫማዋ የለም። ጉድጓዱን ሮጬ አየሁ። ከጉድጓዱ በፊት ሌላ ስፍራ ማየት ነበረብኝ፤ ያየሁት ግን እሱን ነው።

ጎረቤታችን ሴትዮ ባጥሩ ላይ ብቅ አለች። «መምህር፣ ምን ያሯሩጥዎታል? ዐርዋ ባጃጅ አምጥታ ወሰደቻት እኮ። ልብስም ቀይራላታለች።»

በእግሬ ሄድኩ፤ ባጃጅ መጥራት ትዝ ያለኝ ከደረስኩ በኋላ ነው። ዝናቡ ያካፋል። ከሩቅ ድምፅ ሰማሁ፤ የማውቀው ድምፅ ነው፤ ከሚያዝያ ወዲህ ያልሰማሁት።

እታለም ጆንያዋ ላይ፣ ከሸራው ሥር፣ ጀርባዋን የኦቾሎኒ ማዳበሪያ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። ከፊቷ የባሚያ ክምር አለ። አንድ የዝናብ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ ጎንበስ ብሎ የባሚያውን ጫፍ ቀጨም ቀጨም እያደረገ ይሰብራል፤ ገዢ እሸት መሆኑን የሚያየው እንዲህ ነው፤ ሻጭ ደግሞ ይህን የመሰለ ጠላት የለውም።

«ማፊ! ማፊ!» ትላለች፣ የለም፣ የለም፣ በግራ እጇ እየመታችው። ሰውዬው ሳቀና አንድ ደገመ።

«አትስበር!» አለች። «አትስበረው! ትገዛለህ? ኸላስ! ሂድ ወዲያ!»

ሰውዬው ደንግጦ እጁን ሰበሰበ። «እሺ እናቴ፣ እገዛለሁ። ስንት ነው?»

«ከም?» አለች ዐርዋ፣ ወደ እሷ ዞራ፤ ዋጋውን ማለቷ ነው። እታለም በዐረብኛ ቆጠረች፤ ዋሒድ፣ ትኔን፣ ተላታ፤ እዚያ ስትደርስ አቆመችና በአማርኛ ዋጋውን ተናገረች። በትክክል።

ሽንኩርት ሻጩ ከከመረው ጆንያ ኋላ ቆሜ ነበር። ወጥቼ መታየት አልፈለግሁም። ካየችኝ ዝም የምትል መሰለኝ።

ዐርዋ አየችኝ። «ኡስታዝ፣ ሽንኩርት ነህ እንዴ? ለምን እዚያ ቆምክ?» ሁሉም ዞሮ ሳቀ። እታለምም።

ነሐሴ 6

ቃላቱ ያሉበትን ስፍራ አውቃለሁ ብዬ ነበር የተነሣሁት። ስፈልጋቸው የነበረው በእኔ ጓዳ፣ በእኔ ዕቃ፣ በእኔ ቋንቋ ነው። እሷ የተወቻቸው ሌላ ስፍራ ነው። ሦስቱ ቋንቋዎች በር ላይ የሚጋፉ ሳይሆኑ እየተጠራሩ የሚገቡ ናቸው፤ አንዱ ቀድሞ ገብቶ ሌላውን ይጠራዋል። በዐረብኛ ትጀምራለች፣ በአማርኛ ትጨርሳለች።

ግሱን በትክክል አስተምሬዋለሁ። የተሳሳትኩት አካሄዱ ላይ ነው። ደንቡ ተነሥቷል፤ ጠረጴዛውን ወደ ጓዳ መለስኩት። ለዐርዋም ነገርኳት። «አውቄ ነበር» አላለችም። «ነገ በርጩማ አምጣ፤ የእታለም ወገብ አመመው» ነው ያለችኝ።

ነሐሴ 14

ገበያ። ዝናብ። በርጩማ ተሸካሚ ሆኛለሁ። ጣሳውን ሞልቼ ስሰፍር ዐርዋ፣ «ኡስታዝ፣ አክስረህ ትገለናለህ!» እታለም፣ «ተው! አንተ… ተው! እኔ።» ጣሳውን ነጠቀችኝ። «አንተ» አለች። ስሜ አይደለም፤ ግን ለእኔ የተነገረ ነው።

ነሐሴ 23

አንዳንድ ቀን ጥሩ፣ አንዳንድ ቀን አንድም የለም። ጥቁር የለበሰች ሐዘንተኛ አጠገቧ ስትቀመጥ በሙሉ የለቅሶ ቃል አጽናናቻት፤ ማታ ግን ጨው ለማለት አቃታት። ከሐኪሙ ጋር ተነጋገርኩ። «የለመደችበት ቦታ ይጠራዋል» አለኝ። ለሌሎች ታካሚዎች እንዲነግራቸው አሳሰብኩት። «እሺ መምህር» አለ፤ በዚህ ጊዜ ጋሼ አላለኝም።

«አልሄድም»ን አንድ ጊዜ ሞከርኩ። በበርጩማው ላይ እንዳለች በቀስታ። ጭንቅላቷን ነቀነቀች። እምቢ ማለቷ ይሁን አይቻለኝም ማለቷ አልለየሁም። አልለየሁም ብዬ ልጻፈው።

ጳጉሜ 3

ሕሊና ደወለች። ጊዜው ደርሷል። ድምፁን ከፍ አድርጌ ስልኩን አልጋው ላይ አስቀመጥኩ። እታለም አጠገቤ ናት።

«እማዬ? ልንመጣ ነው። ልንወስድሽ። ትመጫለሽ?»

እኔ ከንፈሬን አንቀሳቀስኩ። ድምፅ አላወጣሁም። «አልሄድም።» እታለም አየችኝ፤ ስልኩን አንሥታ ፊቷን ከእኔ አዞረች።

ሕሊና ደግማ «እማዬ?» አለች፤ እኔ «ቆዪ፣ ጠብቂ» አልኳት።

«እመጣለሁ» አለች እታለም።

ሕሊና ተነፈሰች። እኔ ወለሉን አየሁ።

«ልይሽ… ልጆቹን ልይ። ሰሊጥ… አዲሱ ሰሊጥ… ገበያ ሲወጣ። እመለሳለሁ። ኸላስ።»

እንዲህ የረዘመ ነገር ከወደቀች ወዲህ ተናግራ አታውቅም። ላቧ መጣ። እጇን ያዝኳት፤ አልከለከለችኝም።

ሕሊና ግን፣ «አባዬ፣ ምን ብለህ ነው ያስጠናሃት?» አለች።

ምንይሉ ከኋላ፣ «ተይ፣ የምትለውን አታውቀውም፤ ግራ ገብቷት ነው» ሲል ይሰማል። ሕሊናም ወደ እሱ ዞራ መሰለኝ፦ «መጥታ ተመልሳ ምን ልታደርግ? ማን አላት እዚያ?»

ከዚያ መስመሩ ተቋረጠ። ድምፁ ጥሩ ስላልነበረ የመጨረሻውን በትክክል አልሰማሁት ይሆናል።

መስከረም 2

ብዙዎቹ ተማሪዎቼ «ሪትሪቭ» ላይ ዕቃ እንጂ ሰው ይገባል ብለው አያስቡም ነበር። ልክ ነበሩ። ሰው ዕቃ አይደለም፤ ሊሄድበት የሚፈልገው የራሱ ስፍራ አለው። ይህን በስንት ዓመቴ ልጽፈው ቻልኩ።

እታለም ዛሬ ልብሷን ስትለይ አየኋት። ለፓዌ የምትይዘውን አንድ ጎን፣ የገበያዋን ቀሚስ ሌላ ጎን። የገበያውን ወደ ሣጥኑ መለሰችው። ትታው ነው የምትሄደው።

መስከረም 7

ሕሊና ልጄ፣

ይህን ክረምት የጻፍኩትን ሁሉ ፎቶ ቤቱ ስካን አድርጎ በቴሌግራም ይልክልሻል። ለሰው ላሳየው ብዬ አልጀመርኩትም። አሁን ግን ማንበብ አለብሽ፤ የእናትሽ ቃል በእኔ ምክንያት መታመን አጥቷልና።

አስጠናሃት ወይ አልሽኝ። አዎ፣ አስጠናኋት። የሰኔ 20ን፣ የሐምሌ 13ን፣ የነሐሴ 23ን ተመልከቺ። ያስጠናኋት ግን «አልሄድም» ነው። ስለ መሄድ ክረምቱን ሙሉ ያስጠናኋት እሱን ብቻ ነው፤ አንድም ቀን አላለችልኝም። ለአንቺ የነገረችሽን ከእኔ አልሰማችውም። እኔ ባስብም እንዲህ አድርጌ አልደረድረውም ነበር። የራሷ ነው፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው።

ስለዚህ እንዳለችው ይሁን። መንገዱ ሲደርቅ ኑ፤ ውሰዷት። ልጆቹን ትይ፣ ትሳቅባቸው፣ ትቆጣቸው። አዲሱ ሰሊጥ ኅዳር መጨረሻ ላይ አሶሳ ገበያ ይወጣል። በዚያ ጊዜ መልሳችሁ አምጧት። ምንይሉ ሥራ ከያዘው እኔ ፓዌ ድረስ እመጣለሁ፤ ወገቤ ደህና ነው፣ በርጩማ ስሸከም ጠንክሯል። ማን አላት ላልሽው ዐርዋ መደቡን ይዛላታለች። ከእኔ ሌላ ማለቴ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አደራ። ስታነጋግሪያት ቃሉን አትቀሚያት። ከጠየቅሻት በኋላ ዝም በዪ፤ ዝምታው ይረዝማል፣ ደስ አይልም፣ አንቺ ግን ጠብቂ። በዐረብኛ ብትጀምር አታርሚያት።

ሰሊጥ ሲወጣ እንደምትመልሷት ከራስሽ አፍ ልትሰማው ትፈልጋለች። ከጳጉሜ ወዲህ ስልኩ በጮኸ ቁጥር ቀና ትላለች። ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ገበያ ትሆናለች፤ በዐርዋ ስልክ ደውዪ፣ ቁጥሩን ከታች ጽፌዋለሁ። ለእኔ መልስ መጻፍ አያስፈልግሽም። ለእሷ መልሺላት፤ እባክሽ ቅዳሜን አታሳልፊ።

አባትሽ
ዋኘው